የዕድገት ሆርሞንን የሚቀሰቅስ መርፌ ለክርስቲያን ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ነው፤ ዕድሜዬ 61 ሆኗል። ጉልበቴ እየደከመ፣ እንቅልፌ እየሳሳ፣ ሆዴም እየገፋ ስለ መጣ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። እነርሱም ሰርሞሬሊን የሚባል የፔፕታይድ መርፌ ማታ ማታ ሆዴ ላይ እንድወጋ አዘዙልኝ። የራስዎን የዕድገት ሆርሞን ነው የሚቀሰቅሰው፣ ስለዚህ ተፈጥሯዊ ነው ብለውኛል። ኢንሹራንስ ስለማይሸፍነው በየወሩ ከኪሴ እከፍላለሁ። ባለቤቴ ግን «እግዚአብሔር የሰጠህን ዕድሜ አልቀበልም ማለትህ ነው፤ የእምነት ጉድለት ነው» ብላ አዝናብኛለች። ስኳሬ ድንበር ላይ መሆኑም ከዚህ በፊት ተነግሮኝ ነበር። መርፌውን መውሰድ ኃጢአት ነውን? በጾምና በምቆርብበት ዕለትስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ በቅድሚያ ባለቤትዎ ስለ ተናገሩት ቃል ልመልስ። ወደ ሐኪም መሄድና መድኃኒት መውሰድ በራሱ የእምነት ጉድለት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ስለ ሆነ አስተዋይ ሰው እንዳይንቀው ያስተምራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ አልቅሶ ሲጸልይ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ጸሎቱ ተሰምቷልና ሌላ አያስፈልግም አላለም፣ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ እንጂ። በእኛም ዘመን አንዳንድ ምእመናን ወደ ጠበል ሲሄዱ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2007 በይፋ አስተምረዋል። እንዲያውም እርስዎ ከሚጠይቁበት መርፌ ጋር ቅርብ ዝምድና ያለው ቴሳሞሬሊን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደው ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩና በሆዳቸው ውስጥ ስብ ለተከማቸባቸው ሕሙማን ነው። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ መርፌው መድኃኒት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም ክሊኒኩ የነገረዎ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ዕድሜ ነው። ሰርሞሬሊን በላቦራቶሪ የሚቀናበር የ29 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ሰንሰለት ሲሆን፣ አንጎላችን ፒቱታሪ የተባለችውን ዕጢ የዕድገት ሆርሞን እንድትለቅ የሚያዝበትን መልእክት አስመስሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የሚወጣው ሆርሞን የራስዎ መሆኑ እውነት ነው፤ ትእዛዙ ግን ከጠርሙስ የመጣ ነው። የሚወጣው ሆርሞን የራሳችን ስለ ሆነ አይጎዳም ማለትም አያስኬድም፤ ቁጣም ከራሳችን የሚወጣ ነውና። የዕድገት ሆርሞን ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ የእጅ አንጓ ነርቭ ይጨመቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የደም ስኳር ይጨምራል። በሰውነት ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ካለ ዕድገቱን እንዳያፋጥን ስለሚሰጋም ንቁ ካንሰር ላለበት ሰው አይሰጥም። እርስዎ ስኳርዎ ድንበር ላይ መሆኑን ለእኔ ጽፈውልኛል፤ ለክሊኒኩ ግን ስለ መንገርዎ በደብዳቤዎ ውስጥ ምንም አላነበብሁም።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈቀደው የዕድገት ሆርሞን ለሚያንሳቸው ሕፃናት ነበር። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ማምረቱን አቆመ፤ ያቆመው ግን ጎጂ ሆኖ ስለ ተገኘ እንዳልሆነ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አረጋግጧል። ዛሬ ለአዋቂዎች የሚሸጠው በሐኪም ማዘዣ ቀምመው በሚያዘጋጁ ፋርማሲዎች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ቅመም መሥሪያ ቤቱ ለደኅንነቱም ለፈዋሽነቱም ለጥራቱም አስቀድሞ አይመረምረውም። ወጣትነትን ይመልሳል የሚለው ተስፋ የተስፋፋው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ከታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት በኋላ ነው፤ በዚያ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ 12 ወንዶች ለስድስት ወር የዕድገት ሆርሞኑን ራሱን ተወግተው ስባቸው ቀንሶ፣ ስብ ያልሆነው ሥጋቸው ጨምሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ ግን በጤነኛ አረጋውያን ላይ የታየው ለውጥ 2 ኪሎ ያህል ስብ መቀነስና ያንኑ ያህል ሥጋ መጨመር ብቻ ሆኖ፣ እብጠትና የመገጣጠሚያ ሕመም ግን በዝቶባቸው ተገኘ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የሐኪምን ሥራ ልሥራ ብዬ አይደለም። በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ የቤተ ሰብዎ ነውና ምን እንደሚገዙበት አውቀው ይክፈሉ ብዬ ነው።

አሁን ወደ እምነቱ ጉዳይ እንምጣ። በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት አረጋውያን አሉ። ካሌብ በ85 ዓመቱ በኢያሱ ፊት ቆሞ ኃይሉ በ40 ዓመቱ እንደ ነበረው መሆኑን ይናገራል፤ ያንን ብርታት ግን የሚፈልገው ተራራማውን አገር ሄዶ ለመውረስ ነው። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ደግሞ 80 ዓመት ሞልቶት ንጉሥ ዳዊት «ከእኔ ጋር በኢየሩሳሌም ተቀመጥ» ሲለው፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን ጣዕም መለየት፣ የዘፋኞችንም ድምፅ መስማት እንደ ተሳነው ያለ ኀፍረት ተናግሮ፣ በአገሩ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ይሞት ዘንድ ለመነ። እግዚአብሔር ለአንዱ ብርታትን ሰጠ፣ ለሌላው ድካሙን የሚቀበልበትን ልብ ሰጠ፤ ሁለቱም ተመስግነዋል። ስለዚህ ብርታትን መፈለግ አይነወርም። እኔ እርስዎን የምጠይቅዎ፣ ብርታቱ ቢመለስልዎ ለምን ሊያደርጉት እንደ ሆነ ነው። ለልጆችዎ፣ ለሥራዎ፣ ለማስቀደስና ለመስገድ ከሆነ መልካም ነው፤ ሽበትን ለመሸሽና ሞትን ላለማሰብ ከሆነ ግን ባለቤትዎ የፈሩት በከንቱ አይደለም። ይህን ከእርስዎ በቀር ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ ለንስሐ አባትዎ ግን ሊነግሩት ይገባል።

ደግሞም እርጅና ብለው የተቀበሉት ነገር በሽታ ሊሆን ይችላል። ድካም፣ የሳሳ እንቅልፍና የገፋ ሆድ አንድ ላይ ሲመጡ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ ወይም ራሱ ስኳሩ ሊኖር ይችላልና፣ መደበኛ ሐኪምዎ እነዚህን ሳይመረምር መርፌ መጀመር መንገዱን ከመካከል መጀመር ነው። በስደት ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሌሊት ፈረቃ እየሠሩ፣ አንዳንዶቹም በሁለት ሥራ ላይ ሆነው፣ በቀን አራትና አምስት ሰዓት ብቻ ይተኛሉ። የዕድገት ሆርሞን ደግሞ በብዛት የሚፈስሰው በመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ነው። እንቅልፉን ሸጦ ሆርሞኑን በገንዘብ መግዛት እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለ ጾም የጠየቁት ቀላል ነው። መርፌው ምግብ አይደለምና ጾም አያስፈታም። ከምግብ ርቀው ማታ በባዶ ሆድ እንዲወጉት የሚታዘዘውም ምግብ የሆርሞኑን አወጣጥ ስለሚቀንሰው ነው። ለቀናት በጾሙ ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የዕድገት ሆርሞን በጾም ጊዜ እንደሚጨምር ታውቋል፤ ይህን ሰምተው ግን ጾምን የሰውነት ማደሻ አያድርጉት፤ የምንጾመው ለንስሐና ለጸሎት ነው።

ስለ ቅዱስ ቁርባን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመቁረብ አስቀድሞ 18 ሰዓት እንጾማለን፤ ከቆረብንም በኋላ ደም ከሚያወጣ ነገር እንጠበቃለን። እርስዎ የሚወጉት ማታ ስለ ሆነ በቁርባን ዋዜማ ሌሊትና በቆረቡበት ዕለት ማታ ይተዉት፤ ለሕይወትዎ የግድ የሆነ መድኃኒት አይደለምና ሁለት ሌሊት ቢቀር አይጎዳዎትም። ይህንን ያነበበ የስኳር ሕመምተኛ ግን ምክሩን ለራሱ ወስዶ ኢንሱሊኑን እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ፤ እርሱ ሐኪሙ ያዘዘለትን እየወሰደ ስለ አቆራረቡ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከራል።

እንግዲህ መርፌውን መውሰድ በራሱ ኃጢአት ነው አልልዎትም። የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ግን መርፌውን ለመደበኛ ሐኪምዎ ያሳዩ፤ ስኳርዎን፣ ፕሮስቴትዎንና የዕድገት ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያመለክተውን አይጂኤፍ-1 የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ። ውጤቱንም ከባለቤትዎ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱት፤ እርሳቸውም የተናገሩት እርስዎን ከማጣት ፍርሃት እንደ ሆነ አምናለሁና፣ ለንስሐ አባታችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ንገሩት።