ግፊትና ስኳር ለገባበት ቤት አስቤዛ እንዴት ይገዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው። በቅርቡ ሲመረመር ግፊቱ 150/95፣ ምግብ ሳይበላ የተለካው ስኳሩ ደግሞ 118 ሆነ። የግፊት መድኃኒት ተጀመረለት። ስለ ስኳሩ ግን «ገና በሽታ ደረጃ አልደረሰም፤ አመጋገብ አስተካክሉ» ብቻ ነው የተባልነው። የቤቱን አስቤዛ የምገዛው እኔ ነኝ። ደመወዝ ሲገባ ዘይቱንም፣ ፓስታውንም፣ ሽሮውንም በአንዴ እገዛለሁ። ሱፐርማርኬት ገብቼ «ለስኳር ሕመምተኞች» የሚል ብስኩትና የወይራ ዘይት ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ። በእኛ አቅም ምን ብገዛ ይሻላል?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱንም ሳይገዙ ባለቤትዎን በደንብ መመገብ ይችላሉ። የወይራ ዘይት ጥሩ ዘይት ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ብስኩቱማ ስኳሩ ቢቀነስለትም ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ፍርኖ ነው። እሱም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። ቅባቱም እንዳለ ነው። በዚያ ገንዘብ ምስርና ጎመን ይግዙበት።

ሳይበሉ የሚለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው «የስኳር ሕመም» የምንለው። 118 ማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ምግብ ማስተካከል፣ ክብደት መቀነስና በእግር መሄድ ሕመሙን ለዓመታት ሊያዘገየው፣ ጭራሽም ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ዘንቢል ይዘው የሚያደርጉት ምርጫ ትልቅ ሕክምና ነው።

ከዘይት ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጄሪካኑ ላይ በትልቁ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ተጽፎ ያገኛሉ። እውነት ነው፤ ግን ምንም አይነግርዎትም። ኮሌስትሮል ያለው ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና የመሳሰሉት ከእንስሳት የሚገኙ ምግቦች ውስጥ ነው። ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ከኮሌስትሮል ነፃ ነው ሊባል ይችላል፤ የሚረጋው የፓልም ዘይትም ጭምር። ችግሩ ሌላ ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ይህ ቅባት በደም ውስጥ ያለውን መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የሱፍ አበባ ዘይት ግን የሚረጋ ቅባቱ ከመቶ አስር እጅ አካባቢ ነው። ኑግና አኩሪ አተርም ከሚረጋው በብዙ ይሻላሉ። ለልብና ለደም ሥር ሲባል እነዚህን ይምረጡ።

ጥሩውን ዘይት ገዝቶ እንደልብ ማፍሰስ ግን ዋጋ የለውም። ይህን ሒሳብ ቤትዎ ይሥሩት። አራት ሰው ያለበት ቤት አምስት ሊትር ዘይት በወር ከጨረሰ፣ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይደርሰዋል። ይህ ብቻውን ከ300 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው። በጾም ወቅት ደግሞ «ሥጋና ቅቤ አልበላንም» እያልን በወጡ ላይ ዘይቱን እናንሳፍፈዋለን። ጄሪካኑ ላይ የከፈቱበትን ቀን ይጻፉበት። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሳምንት፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት እንዲጨምር ይሞክሩ። ሽንኩርቱን በትንሽ ውኃ ማቁላላት ብዙ ዘይት ያድናል።

አሁን ወደ ግፊቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። እሱም በርበሬው፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ወጥ ማጣፈጫ ኩቦች አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ጨው ናቸው። ኩብ ጨምሮ ደግሞ ጨው ማከል ደራርቦ መጨመር ነው። ከአስቤዛው ዝርዝር ይሰርዙት፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላ ይተኩት። ልጆቹ ኢንዶሚ የሚወዱ ከሆነ፣ አብሮ የሚመጣውን ቅመም ግማሹን ብቻ ይጨምሩላቸው፤ ጨዉ በብዛት ያለው እዚያች ፓኬት ውስጥ ነው። የታሸገ ሽሮ ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ። ከሰፈር ባልትና ከሆነ «ጨው ገብቶበታል?» ብለው ይጠይቁ። የሚያስፈጩ ከሆነ ደግሞ ያለ ጨው ያስፈጩት። የሚገዙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። መጠኑን እንቀንሰው እንጂ አዮዲኑ ለእንቅርት መከላከያ ያስፈልጋል።

የእሽጉን ጀርባ ሲያነቡ «በ100 ግራም» የሚለውን መደብ ይዩ። «በአንድ ጊዜ መመገቢያ» የሚለውን አምራቹ እንዳሻው ሊያሳንሰው ስለሚችል ለማነጻጸር አይመችም። ጨው ከ1.5 ግራም፣ ስኳር ከ22.5 ግራም በላይ ከሆነ በዝቷል፤ ይመልሱት። አንዳንዱ እሽግ ጨው ሳይሆን ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ብሎ ይጽፋል። ያኔ በ2.5 ያባዙት። 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም ማለት 2 ግራም ጨው ነው።

ስኳር በዋናነት ቤትዎ የሚገባው በጠርሙስ ነው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። የታሸገ ጁስ ላይ የብርቱካን ሥዕል መኖሩ አያታልልዎት። ብርቱካኑን ራሱን ይግዙ፤ ሳይጨመቅ ይብላው። ማርስ? ማር ለስኳር አይከፋም የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። ትክክል አይደለም። ማርም ስኳር ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ዳቦ ቡናማ ስለሆነ ሙሉ ስንዴ ነው ማለት አይደለም፤ ቀለም ሊሆን ይችላል። የታሸገ ከሆነ መጀመሪያ የተጻፈውን ግብዓት ይዩ፤ በብዛት የገባው እሱ ነው። ጤፍ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከነገለባው ይፈጫል። በዚህ ታድለናል። ያም ሆኖ እንጀራው ይመጠን፤ ሁለት የነበረው አንድ ይሁንና በቀረው ቦታ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ ይሙላበት። እነዚህን ሱፐርማርኬት መፈለግ አያስፈልግዎትም። ጉልት ላይ የወቅቱን ይግዙ፤ ይረክሳል፣ ትኩስም ነው። ለመክሰስ ከብስኩት ይልቅ ጨው ያልገባበት የሽምብራ ቆሎ ይያዙለት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ገበያ ላይ «ለግፊት የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጥ አለ። በሶዲየም ፋንታ ፖታሲየም የገባበት ነው። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ባለቤትዎ የሚወስዱት እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት ከሆነም እንዲሁ። ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይግዙት። ምግቡ ተስተካከለ ብለው የግፊት መድኃኒቱን እንዳያቋርጡም ይንገሯቸው። ከሦስት ወር በኋላ ስኳራቸውን በድጋሚ ይለኩ፤ ግፊታቸውን ግን እስከዚያ ሳይጠብቁ በየጊዜው ያስለኩ። ሲሄዱ እርስዎም አብረው ይሂዱና ምን እንደቀየሩ ለሐኪሙ ይንገሩት።