«ሙያዎ ምንድን ነው?» ወይስ «ምን ሲሠሩ ሰነበቱ?»

ቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ አንዲት መምህርት የሚከተለውን ጠይቀውናል፦ «ተማሪዎቼ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አሠራርን እንዲለማመዱ በሰፈራችን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሞሉት ቅጽ አዘጋጀሁ። የአንዱን ዓምድ ርእስ ‹ሙያ› አልኩት። አንዱ ባልደረባዬ ‹ሥራ› በይው አለኝ፤ ሌላዋ ‹መተዳደሪያ› ይሻላል አለችኝ። ደግሞም አንድ ጎረቤቴ የእርሻ መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ከተወሰደ ወዲህ በትምህርት ቤት የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ ሲጠየቁ ግን ‹ገበሬ ነኝ› ይላሉ። ምን ተብለው ይጻፉ? ቃሉስ ‹ገበሬ› ነው ወይስ ‹አርሶ አደር›?»

«ሥራ» ይበሉት። ከዚያም የሚሻለው ስሙን ትቶ በግስ መጠየቅ ነው፦ «ባለፉት 7 ቀናት ምን ሲሠሩ ሰነበቱ?» «ሰነበተ» ከ«ሰንበት» የወጣ ግስ ነው፤ ከሰንበት እስከ ሰንበት ያለውን ጊዜ በሆዱ ይዟል። ቆጠራ ሰው በወቅቱ የሚሠራውን ሲጠይቅ የሚይዘው የጊዜ ገደብም ያው 7 ቀን ነው። እንዲህ ልክክ ብሎ የሚገጥም ግስ ያለው ቋንቋ ሌላ ቃል ፍለጋ መውጣት የለበትም።

ምክንያቱን ለማየት እዚያው ሰፈርዎ ከሚሠሩት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ጎራ ይበሉና «ሙያ» በሠራተኞቹ አፍ እንዴት እንደሚነገር ያዳምጡ። «ባለሙያ» የሚባለው ቱምቢ ጥሎ፣ ውሃ ልክ አይቶ ብሎኬት የሚደረድረው፣ ፌሮ የሚያስረው፣ በርና መስኮት የሚገጥመው ነው። ሲሚንቶና አሸዋ የሚያቦካው፣ በባሬላ የሚያመላልሰው «የቀን ሠራተኛ» ነው፤ ባለሙያ ብሎ የሚጠራው የለም፣ ራሱም አይልም። ተማሪዎ ቅጹን ይዞ «ሙያህ ምንድን ነው?» ሲለው «ሙያ የለኝም» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱን ነው። ተማሪው ዓምዱ ላይ ሰረዝ ያሰምርና ያልፋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሲሸከም የዋለ ሰው ሥራ ከሌላቸው ተርታ ገባ ማለት ነው።

ሴቶች ላይ ሲደርስ ጥፋቱ ይብሳል። «ባለሙያ ናት» ስንል ወጧ የሚጣፍጥ፣ የእንጀራዋ ዓይን የሚያምር ማለታችን ነው። ለሱቆች በየቀኑ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ እናት «ሙያሽ ምንድን ነው?» ብትባል፣ ጥያቄው ስለ ጓዳዋ ስለሚመስላት «ኧረ እኔ የቤት እመቤት ነኝ» ትላለች። «ምን ሲሠሩ ሰነበቱ?» ብትባል ግን ጤፉን ከማስፈጨት ጀምራ፣ ሊጡን፣ ምጣዱን፣ የምታስረክብበትን ሱቅ ሁሉ ትዘረዝራለች።

አበው «ሙያ በልብ ነው» ማለታቸው ያለ ነገር አይደለም። ሙያ በሰውየው ውስጥ ያለ ችሎታ ነው፤ ባይሠራበትም አይለየውም። ሥራ ግን ከሰውየው ወጥቶ የሚታይ ነገር ነው። ቆጣሪ በልብ ያለውን ሊቆጥር አይችልም።

«ዓለም አቀፉ የሥራዎች ምደባ ራሱ የቆመው በችሎታ ደረጃ ላይ ስለሆነ ‹ሙያ› ትክክለኛ ቃል ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ያዘጋጀው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የሚጠራው የሥራዎች ምደባ 10 ዐቢይ ምድቦች አሉት፤ እነሱ ወደ 43፣ 43ቱ ወደ 130፣ በመጨረሻም ወደ 436 ይከፈላሉ። ለ436ቱ እያንዳንዳቸው ባለ 4 አኃዝ ኮድ አላቸው፤ የመጀመሪያዋ አኃዝ ዐቢይ ምድቡን ትነግራለች። 4 የችሎታ ደረጃዎች እንዳሉትም እውነት ነው። ዳሩ ግን የሚመዘነው ሥራው የሚጠይቀው ችሎታ ነው፤ ሰውየው ያለው ችሎታ አይመዘንም። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ኖሮት ከዋናው መንገድ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ኮዱ 8321 ነው፤ የሞተር ሳይክልና የባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ነጂዎች የሚገቡበት። ሙያው ሒሳብ ነው፣ ሥራው መንዳት። ዓምዱ «ሙያ» ቢል ወጣቱ «አካውንታንት» ብሎ ያስጽፋል፤ ያኔ አገሪቱ የሌላት የሒሳብ ሠራተኛ በወረቀት ላይ ይኖራታል።

ሌላም እንቅፋት አለ። ሁለተኛው ዐቢይ ምድብ በአማርኛ «ባለሙያዎች» ሲባል፣ ዘጠነኛው ደግሞ «ልዩ ሙያ የማይጠይቁ ሥራዎች» ሲባል ኖሯል። የጠቅላላው ዓምድ ስም «ሙያ» ከሆነ ባለሙያዎች የሙያ አንድ ክፍል ብቻ ሊሆኑ ነው፤ ዘጠነኛው ምድብ ደግሞ ሙያ የሌለው ሙያ። ግንበኛው 7112፣ ረዳቱ 9313 ናቸው፤ አንድ ግድግዳ ሥር አብረው ቢውሉም ከመጀመሪያዋ አኃዝ ጀምሮ ተለያይተዋል። ሁለቱንም ሳይገፋ የሚይዝ አንድ ቃል «ሥራ» ብቻ ነው።

አጻጻፉም በንጉሡ ሠ ይሁን። የግእዙ ግስ «ሠርዐ» ነው፤ ደነገገ፣ አሰናዳ፣ በተራ በተራ አኖረ ማለት ነው። አማርኛ ዐይኑን (ፊደሉን «ዐ»ን) ውጦ «ሠራ» አደረገው፤ «ሥርዐት» ግን እስከ ዛሬ ዐይኑን እንደያዘ አለ። ስለዚህ ሥራና ሥርዐት ወንድማማች ናቸው፤ «ስራ» ብሎ የጻፈ ዝምድናቸውን ይቆርጠዋል። ፊደሎቹ በድምፅ አንድ ሆነዋልና ልዩነቱ ይቅር የሚለውን ወገን አውቀዋለሁ፤ አብዛኛው ጸሐፊም ዛሬ በእሳቱ ሰ እንደሚጽፍ አልክድም። ደስ ግን አይለኝም።

ግእዝ ሥራን የሚጠራው በሌላ ቃል ነው፦ «ግብር»። «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ነው። ከዚያ «ተግባር» ወጣ፤ ከዚያም ለእጅ ሥራ «ተግባረ እድ»። ለመንግሥት የሚከፈለው «ግብር»፣ ከፋዩ «ገባር»፣ የሚያርሰውም «ገበሬ» ከዚሁ ሥር ናቸው። እንግዲህ ገበሬ በሥሩ «ሠሪ» ማለት ነው፤ ሥራ ሁሉ እርሻ በነበረበት አገር ሠሪው ያለ ተጨማሪ ቃል አራሽ ማለት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ለጆሮዬም ለልቤም ከ«አርሶ አደር» ይልቅ «ገበሬ» ይጥመኛል።

«አርሶ አደር» የመሥሪያ ቤት ፈጠራ ነው የሚሉትን ግን ሙሉ በሙሉ አልከተልም። ቅርጹ ነባር ነው። «አደረ» ሌሊቱን አሳለፈ ከሚለው ተነሥቶ ኖረ፣ ተዳደረ ወደሚለው ይሄዳል፤ «ወታደር»፣ «አርብቶ አደር»፣ «ወዛደር»፣ «ሠርቶ አደር» ሁሉ በዚሁ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። በእርስዎ ሰፈር ደግሞ ማስረጃው ቅርብ ነው። በኦሮምኛ ገበሬ «ቆናን ቡላ» ይባላል፤ «ቆና» እርሻ፣ «ቡላ» አዳሪ፤ በእርሻ የሚያድር ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ቃል ሳይዋዋሱ አንድ ሐሳብ ተካፍለዋል። የመንግሥት ቋንቋም፣ ሬዲዮውም ወደ «አርሶ አደር» ሄዷል፤ ቢጽፉት አልቃወምዎትም። «መተዳደሪያ» ያሉት ባልደረባዎም ከዚሁ ከ«አደረ» ነው የተነሡት። ቃሉ ያማረ ነው፤ ለቆጠራ ግን ይሰፋል። ጡረታም፣ የቤት ኪራይም፣ ልጅ ከውጭ የሚልከው ገንዘብም መተዳደሪያ ነው፤ ሥራ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ እንመለስ። «ገበሬ ነኝ» ማለታቸው ስሕተት የለበትም፤ የተጠየቁት ሙያቸውን ነው፣ ሙያቸው ደግሞ እርሻ ነው። መሬቱ ቢሄድም ሞፈር መቁረጡን፣ ዘር መምረጡን አልረሱትም። ባለፉት 7 ቀናት የሠሩት ግን ጥበቃ ስለሆነ በሥራ ዓምድ «የትምህርት ቤት ግቢ ይጠብቃሉ» ተብሎ ይጻፍ፤ ኮዱ 5414 ነው። ላሞች ኖረዋቸው ወተት የሚሸጡ ከሆነ እሱ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ ዋናው የትኛው እንደሆነ ለመለየት በሳምንቱ ብዙ ሰዓት የወሰደውን ይጠይቁ። እርሻው እንዳይጠፋ ከፈለጉ «ቀድሞ ይሠሩት የነበረ ሥራ» የሚል ዓምድ ለብቻው ይጨምሩ።

ቅጹ ላይ ሦስት ነገሮች እንዳይቀላቀሉ ይጠንቀቁ፦ ሰውየው የሚሠራው፣ የተሠማራበት ድርጅት የሚሠራው፣ ለማን እንደሚሠራ። ጎረቤትዎ ሥራቸው ጥበቃ፣ ዘርፋቸው ትምህርት፣ ሁኔታቸው ተቀጣሪ ነው። «ኮንስትራክሽን ነኝ» ያለ ዘርፉን እንጂ ሥራውን አልነገረዎትም። «የመንግሥት ሠራተኛ» ቀጣሪውን ብቻ ይናገራል፤ ሐኪምም ተላላኪም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው «የግል እሠራለሁ» የሚለው ነው፤ ተማሪዎ እዚያ ላይ እስክሪብቶውን ያቁምና «ምን?» ብሎ ይድገም።

«ባለ» ያለበትን ስምም አይመኑት። «ባለባጃጅ» ባጃጁን የሚነዳው ነው ወይስ አከራይቶ ቤቱ የተቀመጠው? «ባለ» ይዞታን ይነግራል፣ ሥራን አይነግርም። «ነጋዴ» ደግሞ ጉልት ላይ ሽንኩርት ከምትደረድረው እስከ አስመጪው ድረስ ይዘረጋል። በግእዝ «ነጋዲ» መንገደኛ፣ እንግዳ ነው፤ በሥሩ ብንሄድ ከጉልቷ የማትነሣዋ ሴት ነጋዴ አትባልም ነበር። ቃሉ ከመንገድ ወደ ገበያ ከገባ ቆይቷልና አልሟገትም፤ «በጉልት ሽንኩርት ትቸረችራለች» ተብሎ እንዲጻፍ ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። በየሳጥኑ ግስና የሚሠራበት ነገር፣ ከተቻለም ቦታው ይኑር፤ በአንድ ቃል የተሞላ ሳጥን ኮድ የሚሰጠውን ሰው ለግምት ይዳርገዋል።

በግስ መጻፍ ከስድብም ያድናል። «ወያላ» ሳይሆን «ከታክሲ ተሳፋሪ ሒሳብ ይቀበላል» ከተባለ ሰውየውም አይከፋውም፣ ኮዱም 5112 መሆኑ ወዲያው ይታያል። «ፋቂ»፣ «ጠይብ»፣ «ቀጥቃጭ» ደግሞ ከሥራ ስምነት ወደ ስድብነት ከወረዱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ተማሪዎችዎ «ቆዳ ያለፋል»፣ «ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ይሠራል»፣ «ሸክላ ትሠራለች» ብለው ይጻፉ። ሦስቱም የሚገቡት በ7ኛው ዐቢይ ምድብ፣ የግንባታው ቦታ ባለሙያ ከሚለው ግንበኛ ጋር ነው።