ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ባለቤቴ ከአደጋው ተረፈ፣ ቤታችን ግን አልተረፈም»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አምና በደወሌ መንገድ መኪናው ተገልብጦ ረዳቱ አጠገቡ ሕይወቱ አለፈ። እሱ በትንሽ ቁስል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር የሚቅመው፣ አሁን ከጠዋት ይጀምራል። ማታ ደግሞ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለመስበር እያለ ይጠጣል። የረዳቱን ቤተሰብ ለቅሶ እንኳ አልደረሰም። ሥራ አቁሟል፣ ግን አንዳንዴ የጓደኛውን ሚኒባስ ተቀብሎ ይነዳል። የ12 ዓመቷ ልጄ እሱ ሳይተኛ አትተኛም። የ6 ዓመቱ አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል። ለማንም አልተናገርኩም። እናቱ «ጠበል እንውሰደው» ይላሉ። ቤታችን ይመለስ ይሆን? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤተሰብ ከእንዲህ ያለ ነገር ያገግማል። እርስዎና ልጆችዎ ግን ባለቤትዎ ጫትና መጠጥ እስኪያቆሙ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። የቤቱን ሥርዓት ከዛሬ ጀምሮ መመለስ ይቻላል፣ የእሳቸው ሕክምና ጎን ለጎን ይሄዳል።

መጀመሪያ ስለ እሳቸው። ከከባድ አደጋ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መባነንና መደንገጥ በማንም ላይ ይደርሳል። አብዛኛው ሰው በዘመድ በጎረቤት መሀል ሆኖ ይወጣዋል። ከአንድ ወር አልፎ አደጋው በህልም ሲመላለስ፣ ሰውየው አደጋውን የሚያስታውሰውን ሁሉ ሲሸሽ፣ ትንሽ ድምፅ ሲያስበረግገው ግን ሕክምና ያስፈልገዋል። ድሬዎች ይህን እናውቀዋለን። በሐምሌ 1998 መገባደጃ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬም ሌሊት ዝናብ ሲጥል ተነስተው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ባለቤትዎ ለቅሶ ያልደረሱት ጨክነው አይመስለኝም። የረዳቱን እናት ዓይን ማየት አቅቷቸው ነው።

ጫቱ የመጣው በዚህ መሀል ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ አነቃቂ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያባርራል። የተጨነቀ ሰው ሲመረቅን ለጥቂት ሰዓት ሐሳቡ ሰብሰብ ይልለታል። ማታ ግን ሰውነቱ አልወርድ ይላል። ጨብሲው የሚመጣው ያኔ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ቅዠቱም ይበረታል። ጠዋት ድካም፣ ከድካሙ ሐራራ፣ እንደገና ጫት። ባለቤትዎ እንቅልፍ እየፈለጉ ነው እንቅልፍ ያጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የቃሚን ቅዠት ሁሉ ዱካክ ነው ብለን እናልፈዋለን። ዱካክ ጫት ሲቋረጥ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የአደጋው ቅዠት ቢቅሙም ባይቅሙም ይመጣል፣ ይዞት የሚመጣውም ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ መኪና ነው። ሲባንኑ ማንን ነው የሚጠሩት? መሪ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ያወናጭፋሉ? ለሐኪሙ ይህን ሊነግሩት የሚችሉት አጠገባቸው የሚተኙት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሁለት አስቸኳይ ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ጠዋት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልባቸው፣ ትንሽ ሲጎነጩ የሚረጋጉ ከሆነ መጠጡን ቤት ውስጥ በአንድ ቀን እንዲያቆሙ አያስገድዷቸው። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ ይህም ይገድላል። ጫት ማቆም እንዲህ አያሰጋም፣ አልኮል ግን በሐኪም ክትትል ነው የሚቆመው። የእንቅልፍ ኪኒንም ያለ ማዘዣ ገዝተው አይስጧቸው፤ ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሁለተኛው ሚኒባሱ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ የመረቀነና የጠጣ ሰው መሪ መያዝ የለበትም። ለጓደኛቸው ዛሬውኑ ይንገሩት። ቢቆጡም ይቆጡ።

አሁን ወደ ልጆቹ። የእኔ ትልቁ ሐሳብ እዚህ ነው።

ኤሚ ወርነር የተባሉ ተመራማሪ በሃዋይ ደሴቶች በካዋይ በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነት፣ በወላጅ መጠጥ፣ በወላጅ የአእምሮ ሕመም ውስጥ ካደጉት ልጆች ከሦስቱ አንዱ ደህና፣ ለራሱና ለሌላው የሚሆን ሰው ሆኖ ወጥቷል። እነዚህ ልጆች ካገኟቸው ነገሮች ዋናው ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚወዳቸው ትልቅ ሰው ነበር። እናት ልትሆን ትችላለች። አያት፣ አክስት፣ መምህርም ሊሆን ይችላል። በእርስዎ ቤት አማትዎ አሉ፣ እርስዎም አሉ።

ትልቋ ልጅዎ ሌሊት ዘብ ቆማለች። «ተኚ» ቢሏት አትተኛም። እውነቱን በልኳ ይንገሯት። «አባትሽ ታሟል። ያ አደጋ ነው ያሳመመው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፣ ልታድኚውም አትችዪም፣ እሱ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው። ሌሊት ሲጮህ የምነሳው እኔ ነኝ። አንቺ ተኚ።» ይህን አንድ ቀን ተናግረው አይተዉት፤ በጮኹ ቁጥር ይድገሙላት፣ በተግባርም ይነሱ። ጫት እንድትገዛ አትላክ፣ አባቷ ምን ያህል እንደጠጡ እንድታይም አይጠይቋት። ትንሹ በሽንቱ አይገረፍ፣ በሰው ፊትም አይነሳበት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሲደነግጥ ወደኋላ ይመለሳል፣ ቤቱ ሲረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ሲሸና የሚያመው ወይም ቶሎ ቶሎ ውኃ የሚጠማው ከሆነ ግን ያስመርምሩት።

ከዚያ ሰዓት ይኑራችሁ። እራት በአንድ ሰዓት ይቅረብ፣ አባት ኖሩም አልኖሩም። የመኝታ ሰዓት፣ የጥናት ሰዓት፣ የእሑድ ጠዋት ወይም የአርብ ልማዳችሁ ይመለስ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገ ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ልጅ ግን እራቱ በሰዓቱ እንደሚቀርብ ማወቁ ብቻውን ያረጋጋዋል።

«ለማንም አልተናገርኩም» ብለዋል። ምስጢሩ ራሱ እያሳመመዎት ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ይንገሩ አልልም። ሁለት ሰው ይምረጡ፣ አንዱ ከእሳቸው ወገን፣ አንዱ ከእርስዎ። ስልክ ሲደውሉ የሚያነሳ፣ ሌሊት ቢያንኳኩ የሚከፍት፣ ወሬ የማያወጣ ሰው ይሁን። ቢመቱዎት፣ ቢያስፈራሩዎት፣ «ብሞት ይሻላል» ቢሉ ወይም ድምፅ እሰማለሁ፣ ይከታተሉኛል ማለት ቢጀምሩ ልጆቹን ይዘው የሚሄዱበት ቤት ከአሁኑ ይታወቅ፤ እሳቸውም በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

የእድርና የአፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረሪዎች መረዳጃ) ሰዎችም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። በሱስ የታመመ ሰው ቤት ግን ማንም አይዘልቅም። ሁለት ሰው በሳምንት አንድ ከሰዓት ቡና ይጠጣበት፣ ምክር ሳያበዛ። በድሬ ሱቁ ሲዘጋና ሙቀቱ ሰውን ቤት ሲያስገባ በርጫው ይጀመራል። ጫት ያቆመ ሰው ከጫቱ እኩል የሚናፍቀው የበርጫ ጓደኞቹን ነው። ከሰዓቱን ባዶ ከተውንበት ይመለሳል።

ከባለቤትዎ ጋር ሲነጋገሩ ሰዓቱን ይምረጡ። በምርቃና ሰዓት አይሁን፤ ያኔ የሚገባ ቃል ኪዳን ብዙ ነው፣ ሲነጋ አይገኝም። ሲጠጡም፣ ሐራራ ሲይዛቸውም አይሁን። ቁርስ ከበሉ በኋላ ይሞክሩ። «አጥፍተኸናል» ከማለት «ትናንት ሌሊት ሦስቴ ጮኸህ ተነሳህ፣ ፈራሁልህ፣ ለእንቅልፍህ ሐኪም እንይ» ይበሉ። «ሱሰኛ ነህ» ሲባሉ የሚሸሹ ሰው ለእንቅልፍ ብለው ይሄዳሉ። ሳይጠጡ ያመሹ ቀን አብረው ይቀመጡ፣ የሚወዱትን ይሥሩ። የመጠጥ ዕዳ ግን አይክፈሉ፣ ለአሠሪም አይዋሹላቸው።

ጠበሉን እናትየው ከወደዱት ይውሰዷቸው። እምነት ብዙ ሰው አቁሞ አይቻለሁ። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒት ከጀመሩ ለጠበል ተብሎ አይቋረጥ፣ እሳቸውም አይታሰሩ። ጾሙ የሚያሳስባቸው ከሆነ ሐኪሙ የመዋጫውን ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል።

በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ በሐረር ደግሞ ሕይወት ፋና የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ሱሱና ድንጋጤው አብረው ነው መታከም ያለባቸው። «መጀመሪያ ጫት ተው፣ ከዚያ እናክምሃለን» የሚል ካለ ሌላ ሐኪም ይጠይቁ። ዋናው ሕክምና አደጋውን ከባለሙያ ጋር ቀስ እያሉ የሚያወሩበት ነው። አንዳንድ ጊዜ ለድብርት የሚታዘዙ ኪኒኖች ይጨመራሉ፤ እነሱም ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳሉ፣ በ5ኛው ቀን «ምንም አልሠራም» ተብለው አይተዉ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ቅመው ቢመጡ ሁሉም ነገር ፈረሰ ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ምን እንደሆነ ይጠይቁ። የአደጋው ቀን መታሰቢያ ሊሆን ይችላል።

ለቅሶውን አልረሳሁትም። ባለቤትዎ ትንሽ መተኛት ሲጀምሩና ራሳቸው ሲፈልጉ፣ ሽማግሌ አስቀድመው የረዳቱን ቤተሰብ ቢያገኙ ብዙ ነገር ይቀላል ብዬ አምናለሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ በመሀል ሲገባ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሳይዘጋጁ ግን አይገፉ፤ ከሚያክማቸው ሰው ጋር ተመካክረው ይሁን።

በዚህ ሳምንት እሳቸው እንቢ ካሉ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ። የሌሊቱን ሁኔታ፣ በቀን ስንት እንደሚጠጡ፣ ጠዋት እጃቸው መንቀጥቀጥ አለመንቀጥቀጡን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ለራስዎም እንቅልፍዎንና የምግብ ፍላጎትዎን ይንገሩ፤ እርስዎም ታካሚ ነዎት።