የሸክላ ጡብ ቤት ውጩ ይለሰን ወይስ እንዳለ ይተው?

እህቴ፣ ጅማ ሂርማታ ሰፈር ያለው የአባትዎ ቤት ጡቡ ጠቁሮና አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ አርጅቶ ስለታየዎት፣ ውጩን በሲሚንቶ ላስለስነው ወይስ ልተወው ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚያው ጅማ ኮቺ ሰፈር ያለውን ቤቴን ይዤ በዚሁ ጥያቄ ተወጥሬ ስለነበር ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ። የጡቡ ፊት ካልተላጠ በቀር አያስለስኑት።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዝናብ የሚመታውን አንድ ጎን አስለሰንኩ። ለሳኙ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ አድርጎ ለወሰ፤ «ጠንከር ይበል» ያልኩትም እኔ ራሴ ነኝ። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ፤ በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው አንዳንዱ ቦታ እንደ ባዶ ቅል ይጮሃል። በውስጥ በኩልም ከሶፋው ጀርባ ያለው ቀለም ይቀረፍ ጀመር። በመሮ ሲነሳ የሳህን ስፋት ያለው ቁራጭ ወደቀና ገልብጬ ባየው የጡቡ ቀይ ቆዳ ተጣብቆበት መጥቷል። ያን ጊዜ ነው ልስን ከተመረገ በኋላ እንደ ልብስ የሚወልቅ እንዳልሆነ የገባኝ።

ምክንያቱን አንድ የማከብረው ሽማግሌ ግንበኛ አስረዳኝ። የሸክላ ጡብ ዝናብ ሲመታው ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ግን ከጡቡ ይልቅ ጠንካራና ግትር ስለሆነ፣ ግድግዳው በሙቀትና በእርጥበት ሲሰፋና ሲጠብ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድባት በጅማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌሎቹ ጎኖች ልስኑን ትቼ የውሃውን መንገድ ፈለግሁ። አሸንዳው ከመጋጠሚያው ላይ እያንጠባጠበ አንዱን ጥግ ያርስ ነበር፤ ከከፈፉ የሚወርደው ውሃም ቀዩን አፈር እየረጨ የታችኞቹን ሦስት ረድፍ ጡቦች አጨቅይቷል። አሸንዳውን አስጠገንኩ፣ ከግድግዳው ሥር ጠጠር አፈሰስኩ፣ በጡቦቹ መካከል የላላውን ሞርታር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አስቧጥጬ ኖራ በገባበት ሞርታር አስሞላሁ። ሽበቱን በበጋ በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ማንሳት ይበቃል፤ የሽቦ ብሩሽ የጡቡን ፊት ይፍቀዋል። እነዚያ ጎኖች እስከ ዛሬ ደረቅ ናቸው። ጎረቤቴ ግን ያልተለሰነ ቤት ያላለቀ ስለሚመስለው አሁንም «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ይለኛል።

የጡቡ ፊት ቀድሞ የረገፈ ከሆነ ግን፣ እኔ የተበላሸብኝን ጎን በኋላ እንዳሠራሁት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራና ስድስት እጅ የታጠበ አሸዋ ያስለውሱ። ጡቡ አስቀድሞ ውሃ ይረጭ፤ ልስኑ በሁለት ዙር ይመረግ፣ በጠቅላላው ከ2 ሳንቲ ሜትር አይወፍር። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቁም፤ አፈሩን ከነካ እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ የበጋ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ግን ለአንድ ሳምንት ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው። በላዩ የዘይት ቀለም አይቀቡበት፤ ያፍነዋል።

ከለሳኝ ጋር ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ግን የሚቀጥለው ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላ ይዘው ውጭ ይቁሙና ውሃው ከጣራው ወርዶ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። ዝናቡ እንዳባራ የታችኞቹን ረድፎች ፎቶ አንስተው እዚሁ ቢለጥፉልን፣ ጡቡ የተላጠ ይሁን ወይም የቆሸሸ ብቻ አይተን እንነግርዎታለን።