የሶፍትዌር ፍተሻ አውቶሜሽንን በምን ልጀምር? ለሚለው ጥያቄ

እህታችን፣ እዚሁ ድሬዳዋ የጭነት መመዝገቢያ ሲስተም በሚያለማ አነስተኛ ቢሮ እንደሚሠሩና ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር ሁሉንም ገጽ በእጅ መፈተሹ እንዳታከተዎት ገልጸው፣ ብሮውዘርን በፕሮግራም በሚያንቀሳቅሰው በሴሌኒየም ልጀምር ወይስ በሌላ፣ ፕሮግራሚንግስ ምን ያህል ያስፈልገኛል ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም ከዚራ አካባቢ ባለ ቢሮ በዚሁ ሥራ ላይ ስለቆየሁ በተግባር ያየሁትን ላካፍልዎት።

ሴሌኒየም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ አንጋፋ መሣሪያ ነው፤ ቢሮዎ ቀድሞ በእሱ የተጻፈ ፍተሻ ካለው እሱኑ ይቀጥሉ። ከባዶ የሚነሡ ከሆነ ግን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን ተመሳሳይ መሣሪያ፣ ፕሌይራይትን፣ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጋር እመክራለሁ። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው የኮዱ ክብደት ሳይሆን አንዴ አልፎ አንዴ የሚወድቅ ፍተሻ ነው። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ገጹ ሳይከፈት ፕሮግራሙ ቁልፉን ሊጫን ይሞክርና፣ ሲስተሙ ምንም ሳይሆን «ወድቋል» የሚል ውጤት ይመጣል። ብዙዎች በየመስመሩ «አምስት ሰከንድ ጠብቅ» የሚል ትእዛዝ በመጨመር ሊያልፉት ይሞክራሉ፤ ይህ ግን ኔትወርኩ በደከመ ቀን አይበቃም፣ በፈጠነ ቀን ደግሞ ጊዜ ያባክናል። ፕሌይራይት ቁልፉ እስኪታይና ለመጫን ዝግጁ እስኪሆን በራሱ ይጠብቃል፤ በሴሌኒየም ይህንኑ ለማግኘት መጠበቂያውን በአብዛኛው እርስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል።

ፕሌይራይትን ሲጭኑ ሦስቱንም ብሮውዘሮች (ክሮሚየም፣ ፋየርፎክስና ዌብኪት) ከማውረድ ይልቅ ክሮሚየምን ብቻ ይዘዙ፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ቁጠባ ነው።

ኮድጄን የተባለው የፕሌይራይት መቅጃ በብሮውዘሩ ላይ የሚያደርጉትን እየተከተለ ኮዱን ይጽፍልዎታል። ለመማሪያነት እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም የጻፈውን እንዳለ አይቀበሉት። በዋናነት የሚቀዳው የእርስዎን እርምጃ ነው፤ በመጨረሻ ምን መታየት እንዳለበት እርስዎ ካልነገሩት አያውቅም። ለምሳሌ የጭነቱን ዝርዝር ሞልተው «መዝግብ» የሚለውን ሲጫኑ ቀረጻው እዚያ ላይ ቢያበቃ፣ መረጃው ዳታቤዝ ውስጥ ሳይገባ ቢቀር እንኳ ፍተሻው «አልፏል» ይላል። ስለዚህ የጭነቱ ቁጥር በዝርዝሩ ላይ መታየቱን የሚያረጋግጠውን መስመር በእጅዎ ይጨምሩ። ያለዚያ መስመር ፍተሻ አለን ማለት አይቻልም።

ፕሮግራሚንግን በተመለከተ ቫሪያብል (መረጃ መያዣ ስም)፣ ፈንክሽን (አንድን ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል)፣ ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ) እና ሉፕ (ድግግሞሽ) ለመነሻ ይበቃሉ።

የውጭ መማሪያዎች የማያነሷቸውን የእኛን ጉዳዮችም አይዝለሉ። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ደንበኛ «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ ይገኛል? ሲስተሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ተቀብሎ ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይለውጠዋል? ጳጉሜን 6 ቀን 2016ንስ እንደሌለ ቀን ይመልሰዋል? እንዲህ ያሉት ቀጥታ በፈንክሽኑ ላይ ቢፈተሹ ይሻላል፤ ብሮውዘር መክፈት ስለማያስፈልግ በቅጽበት ያልቃሉ።

በብሮውዘር የሚሠራውን ግን በአንድ መንገድ ብቻ ይጀምሩ፤ ገብቶ፣ ጭነት መዝግቦ፣ ፈልጎ ማግኘት። ይህ ሳይሰናከል መሥራቱን ሳያዩ ሁለተኛውን አይጻፉ። ይህንንም ለፍተሻ ብቻ በተዘጋጀ ዳታቤዝ ላይ እንጂ ደንበኞች በሚጠቀሙበት ላይ ፈጽሞ አያስኪዱት።