ለጃፓናዊ ኀዘንተኛ ምን ይባላል?

አባታቸው ያረፉባቸውን ጃፓናዊ አለቃዎን «ናጌኪ» ብለው ማጽናናት ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁት፦ አይበሉ። ናጌኪ ሐዘንንና ሰቆቃን የሚገልጽ ስም እንጂ ለኀዘንተኛ የሚነገር ማጽናኛ አይደለም። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ዝቅ ብለው እጅ እየነሱ፣ ድምፅዎንም ቀነስ አድርገው «ኮኖ ታቢ ዋ ጎሹሾሳማ ዴሱ» ይበሉ፤ የእኛን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ቦታ የሚይዘው ይህ ነው። በደብዳቤ ከሆነ ግን «ኦኩያሚ ሞሺአጌማሱ» ይሻላል።

«ኮደን» የሚባለውን የለቅሶ ገንዘብ በፖስታ ሲሰጡ፣ አዲስ የብር ኖት ሞቱን ጠብቀው ያዘጋጁት ስለሚያስመስል፣ ያለዎት አዲስ ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ አጥፈው ይክተቱት።

ወገኖቻችን ሲቸገሩ የማየው አንድ ነገር አለ፤ ሐዘኔታን ለማጠንከር «ካሳኔጋሳኔ» ወይም «ታቢታቢ» የመሰሉ ድግግሞሽ ቃላት መጨመር መከራው ይደገም እንደማለት ስለሚቆጠር፣ አጭሯን ቃል ተናግረው ዝም ይበሉ፤ የአሟሟቱንም ነገር አይጠይቁ።