የአባት ልብስ ላይ የልጅ ደም

ወንድሜ፣ «ዴቪድ ካም ካልገደለ የልጁ ደም ቲሸርቱ ላይ ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። አዳማ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ልብስ ላይ ያረፈ ደም ግን አውቃለሁ።

ጉዳዩን ለማታውቁት፣ ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ፣ ኢንዲያና ነው። የቀድሞ ፖሊስ የነበረው ካም ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጋራዥ ውስጥ በጥይት ተገድለው እንዳገኛቸው ተናገረ። ቲሸርቱ ላይ ስምንት ጥቃቅን የሴት ልጁ ደም ነጠብጣቦች ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ «ሲተኩስ የተፈናጠረ ነው» አለ። ተከላካዮቹ ደግሞ «ወንድ ልጁን ከመኪናው ሲያወጣ የእህቱ ፀጉር ነክቶት ነው» አሉ። በሁለቱም በኩል ባለሙያ ቆመ። ያንኑ ጨርቅ አይተው ተቃራኒ መሰከሩ።

አንድ ማታ ባጃጅ ተገልብጦ አንዲት ሕፃን አመጡልን። ጭንቅላቷ ተፈንክቶ ፀጉሯ በደም ርሷል። አቅፌ አልጋ ላይ አስተኛኋት፣ ከዚያ ስንሯሯጥ አደርን። ጠዋት ጋውኔን ላጥብ ሳወልቅ በግራ በኩል፣ ከኪሱ በታች፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች አየሁ። ክንዴ ላይ የተንዘረፈፈው ፀጉሯ ነበር የነካኝ። የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ነጥብ ትቶ አልፏል። ተኩስ የሚባል ነገር አልነበረም። (ልጅቷ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።)

ይህ ብቻውን ካም ንጹሕ ነው አያሰኝም። ግን ነጠብጣቡ የማን ደም እንደሆነ እንጂ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚም በደም አሻራ ትንተና ላይ ያለው እርግጠኛ አለመሆን እጅግ ሰፊ ነው ብሎ ጽፏል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሹራቡ ነው። እዚያው ጋራዥ የካም ያልሆነ ሹራብ ተገኝቶ ነበር። ዲኤንኤው የማን እንደሆነ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ቻርለስ ቦኒ የሚባል የቀድሞ እስረኛ ሆኖ ተገኘ። የመዳፉ አሻራም መኪናው ላይ ነበር። ቦኒ ተፈረደበት። ካም ግን በ2002 እንደተፈረደበት ሁሉ በ2006ም ደግመው ፈረዱበት፤ ሁለቱም ፍርድ በይግባኝ ተሽሮ በ2013 ነው በነፃ የተለቀቀው።

አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ፀጉር፣ አሻራ፣ ደም ይነካካሉ። ስለዚህ ከልጁ ደም በፊት የምጠይቀው ያንን ነው፦ የባዕድ ሰው ሹራብ እዚያ ጋራዥ ምን ይሠራል?